ከባዱ ለምን ቀደመ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለኬሚስትሪ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት የቆየ ዕዳ ለመክፈል ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና እጇን አወጣች። «መምህር፣ የአርጎን ክብደት 39.95 ነው ይላል። የፖታሲየም 39.10 ነው። ታዲያ ከባዱ ለምን ቀደመ?» አለችኝ። በዚያው ቀን ያስጻፍኳቸው ማስታወሻ «ንጥረ ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ ተደርድረዋል» ይል ነበር። እኔም «የሚደረደሩት በአቶም ቁጥር ስለሆነ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ልጅቷ ተቀመጠች። እንዳልተመለሰላት ግን ፊቷ ላይ አየሁ። የአቶም ቁጥር ምን እንደሚቆጥር ካልነገርኳት፣ መልሴ «አሥራ ስምንተኛ የሆነው አሥራ ስምንተኛ ስለሆነ ነው» ከማለት በምን ይለያል?

ስለዚህ ዛሬ በሙሉ ልመልስላት። ሠንጠረዡ 118 ንጥረ ነገሮችን ይዟል፤ እኔ የምናገረው በዋናነት ስለ ሦስቱ ነው። 17ኛው ክሎሪን፣ 18ኛው አርጎን፣ 19ኛው ፖታሲየም። ዓመተ ምሕረቶችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሠንጠረዡ ራሱ። ብዙዎቻችን ንጥረ ነገሮችን የተማርነው በዜማ ነው፤ «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም» እያልን። በቃል መያዝን አልነቅፍም፤ ሀሁንም የቆጠርነው እንዲሁ ነው። የሚቆጨኝ የፊደል ገበታን ተምረን አድገን ሳለ ይህን ሠንጠረዥ እንደ ባዕድ ነገር ማየታችን ነው። ገበታው ላይ ወደ ጎን ስንሄድ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይደርሳል፤ ሲያልቅ አዲስ ረድፍ ይጀምርና እንደገና ከግዕዝ ይነሣል። አንድ ዓምድ ላይ የተሰለፉት ፊደላት ጠባያቸው አንድ ነው። የውጭ ቃላትን ለመጻፍ «ቨ» ሲጨመር፣ ቩ እና ቪ እንዴት እንደሚጻፉና እንደሚነበቡ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ቦታቸው ራሱ ተናገረ።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1869 ያገኘው ይህንኑ ነው። ሰውየው በ1834 ሳይቤሪያ ውስጥ በቶቦልስክ ተወለደ። አባቱ ሞተ፤ እናቱ ታስተዳድረው የነበረው የብርጭቆ ፋብሪካም ተቃጠለ። እናት ግን ልጇን ይዛ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ወደ ሞስኮ፣ እዚያ በሩ ሲዘጋባት ደግሞ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደች። ትምህርት ቤት ካስገባችው በኋላ ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። ይህችን እናት ሳልጠቅስ ስለ ሠንጠረዡ መናገር አይሆንልኝም።

በዚያን ጊዜ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። ሜንዴሌቭ በክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲያሰልፋቸው ጠባያቸው እየዞረ እንደሚመለስ አየ፤ ልክ ከሳብዕ በኋላ ግዕዝ እንደሚመጣ። ሌሎችም እንዲህ ያለ ዙር አስተውለው ነበር። የእርሱ ድፍረት ጠባዩ ካልገጠመለት ቦታውን ባዶ መተዉና «እዚህ ያልተገኘ አለ» ማለቱ ነው። ከአሉሚኒየም በታች ባዶ ቤት ተወ፤ የሚገኘው ብረት መጠነ እፍጋቱ ከውኃ 5.9 እጥፍ ገደማ ይሆናል ብሎ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና ሲለካው 4.7 ሆነበት። ሜንዴሌቭ ያን ብረት በዓይኑ ሳያይ፣ ናሙናው በደንብ ስላልጠራ ነው፣ እንደገና ይለካ አለ። አጥርተው ሲለኩት 5.9 ሆነ። ያላዩትን ነገር በእጁ ከያዘው ሰው ይልቅ አስተካክሎ ማወቅ ማለት ይህ ነው።

እዚሁ ላይ ግን የተማሪዬ ጥያቄ ብቅ ይላል። ቴሉሪየም 127.6 ይመዝናል፣ አዮዲን 126.9። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም አለበት። ነገር ግን አዮዲን በጠባዩ የክሎሪን ወንድም ነው፤ ከክሎሪን ዓምድ ሊወጣ አይችልም። ሜንዴሌቭ ጠባይን መረጠና ቴሉሪየምን አስቀደመ። የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተለክቷል ብሎም አመነ። ድርደራው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ስህተት ነበር፤ ክብደቱ ምንም አልተሳሳተም። ትክክለኛው ምክንያት እስኪታወቅ ከ40 ዓመት በላይ ወሰደ።

አሁን ወደ ሦስቱ ጎረቤቶቻችን እንግባ።

ክሎሪንን ሁላችሁም ዛሬ ጠዋት በልታችሁታል። ጨው ማለት ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ይህ በእጄ የያዝኩት ከአፋር ረባዳ የመጣ የጨው ቁራጭ ነው። አባቶቻችን ይህንኑ በልክ እየቀረጹ አሞሌ ብለው ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲመነዝሩት ኖረዋል፤ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። በግመል ጭነው ያን ወበቅ የተሻገሩት የሲራራ ነጋዴዎች፣ ከጨው መሬቱ ላይ ጎንበስ ብለው ሲቆርጡ የዋሉት ሠራተኞች፣ ሁሉም የተሸከሙት ይህን 17ኛ ንጥረ ነገር ነው።

ብቻውን ሲሆን ግን ክሎሪን አረንጓዴ ቢጫ መርዛም ጋዝ ነው። በሚያዝያ 1915 ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር ግንባር ጀርመኖች ለቀቁትና ወታደሮች ምሽጋቸው ውስጥ እንዳሉ ታፍነው አለቁ። ወደ እኛም መጥቷል። ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሠራዊታችንና በገበሬዎቻችን ላይ ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ፣ በእያንዳንዱ ሞለኪውሉ ውስጥ ሁለት የክሎሪን አቶሞች አሉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የከሰሱት ይህንኑ ግፍ ነው። ዛሬ ደግሞ በጣም ትንሽ ክሎሪን የቧንቧ ውኃችንን ከኮሌራና ከታይፎይድ ይጠብቅልናል። አቶሙ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው። የሚለያየው ከማን ጋር እንደተያያዘና እንዴት እንደተያያዘ ነው። ኬሚስትሪ የሚባለውም ትምህርት ይኸው ነው።

ፖታሲየምን ለማሳየት ይህን የአመድ ሳህን አምጥቻለሁ። የእንጨት አመድ በውኃ ተዘፍዝፎ ሲጠል፣ ውኃው እጅ ላይ ያሟልጫል፤ የሚያሟልጨው በዋናነት ከፖታሲየም ውህዶች የተነሣ ነው። ተማሪዎች «ስሙ ፖታሲየም ሆኖ ምልክቱ ለምን ኬ ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካሊየም ከሚለው ስሙ የተወሰደ ነው፤ ካሊየም ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የዕፅዋት አመድ ነው። አመዱን ጎመን ሥር የምትደፋ እናት ለጎመኑ ፖታሲየም እያበላች ነው። በ1807 ለንደን ውስጥ ሃምፍሪ ዴቪ ከአመድ የሚገኘውን ያን ውህድ አቅልጦ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳልፍበት፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ጠብታዎች ወጡና ወዲያው ተቀጣጠሉ። አብሮት ይሠራ የነበረው ዘመዱ እንደመሰከረው ዴቪ በደስታ ክፍሉን እየዞረ ዘለለ። ውኃ ላይ ሲጥሉት በሐምራዊ ነበልባል የሚነድ ብረት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ክሎሪን የያዘውን የማይለቅ፣ ፖታሲየም የነካውን የሚያቃጥል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተቀመጠው አርጎን ግን ከማንም ጋር አይገጥምም።

የተገኘበት ታሪክ የትጋት ታሪክ ነው። ሎርድ ሬይሊ የሚባለው እንግሊዛዊ የናይትሮጅንን ክብደት በጥንቃቄ ይለካ ነበር። ከአየር ያወጣው ናይትሮጅን አንዱ ሊትር 1.257 ግራም ሆነ። ከኬሚካል ውህድ ያወጣው 1.251 ግራም ሆነ። ልዩነቱ በመቶ ግማሽ ገደማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «የሚዛን ስህተት» ብሎ ይተወው ነበር። ሬይሊ አልተወውም፤ ደጋግሞ ለካ፤ ልዩነቱ አልጠፋ አለ። ዊልያም ራምሴ ተጨመረና በ1894 ሁለቱ፣ በአየር ውስጥ ማንም ያላወቀው ሌላ ጋዝ እንዳለ አስታወቁ። ስሙን ከግሪክኛ ወስደው «ሰነፍ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል አርጎን አሉት። ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል ሰው ከዚያ 109 ዓመት ቀድሞ፣ በ1785፣ ከናይትሮጅኑ ከ120 እጅ አንድ እጅ የማይበልጥ አልዋሐድ ያለ ትንሽ አረፋ እንደቀረችበት ጽፎ ነበር። አርጎን ነበረች።

ይህ አዳራሽ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 8፣ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ አሁን በመካከላችን ከ2 ሜትር ኩብ በላይ አርጎን አለ። ከአየሩ 0.93 በመቶው እርሱ ነው። ከተወለዳችሁ ጀምሮ ስትስቡትና ስትመልሱት ኖራችኋል፤ አንድ ቀንም ሥራ ሠርቶላችሁ አያውቅም። ብየዳ ቤት ግን ይህ ስንፍናው ይፈለጋል፤ አሉሚኒየም ሲበየድ የጋለውን ብረት ከኦክስጅን የሚጋርደው አርጎን ነው።

ታዲያ ይህን አዲስ ጋዝ የት ያስቀምጡት? ባዶ ቤት አልነበረም። ክብደቱ 40 ገደማ ነው፤ ከፖታሲየም ይበልጣል፣ ከካልሲየም ጋር ይቀራረባል። በክብደቱ ካስቀመጡት ሁሉም ይዛባል። ሜንዴሌቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ አልተቀበለውም፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የተያያዘ ናይትሮጅን ይሆናል አለ። ራምሴ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሂሊየምን፣ ኒዮንን፣ ክሪፕተንንና ዜኖንን አከታተለ፤ ሁሉም ሰነፎች። አዲስ ዓምድ ተተከለላቸው፤ አርጎንም ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ከፖታሲየም ፊት ተቀመጠ።

ምክንያቱን ለማየት ወደ አቶም ውስጥ መግባት አለብን። በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ የአቶም ክብደት ሁሉ ማለት ይቻላል መካከሉ ላይ ባለች ኒውክለስ እንደታጨቀ አሳየ። መጠኑን ለማሰብ ኒውክለሷ አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት እንበል። እግር ኳስ ሜዳ መካከል ብናስቀምጣት አቶሙ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ይደርሳል። በመካከሉ ያለው ኤሌክትሮኖች ብቻ የሚመላለሱበት ባዶ ስፍራ ነው። በጤፏ ውስጥ አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ቻርጅ የሌላቸው ኒውትሮኖች አሉ። የፕሮቶኖቹ ቁጥር ስንት ኤሌክትሮን እንደሚያዝ ይወስናል፤ ኤሌክትሮኖቹም ጠባዩን ይወስናሉ። ኒውትሮኖቹ ግን ክብደት ይጨምራሉ እንጂ ጠባይ አይለውጡም። ይህን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ የጥያቄያችን መልስ የሚወጣው ከእርሱ ነው።

ኤሌክትሮኖች እንደ ኮንሶ እርከን በደረጃ በደረጃ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው እርከን 2 ይይዛል፣ ሁለተኛው 8፤ ሦስተኛውም 8 ሲደርስ ይረጋጋል። አርጎን 18 ኤሌክትሮን አለው፦ 2፣ 8፣ 8። ሞልቶለታል፤ ስለዚህም ማንንም አይፈልግም። ክሎሪን 17 አለው፦ 2፣ 8፣ 7። አንድ ጎድሎበታል፤ ሳንባም ይሁን ባክቴሪያ አጠገቡ ያገኘውን የሚያጠቃው ያቺን አንድ ፍለጋ ነው። ፖታሲየም 19 አለው፦ 2፣ 8፣ 8፣ 1። አንድ ተርፎበታል፤ ያቺን እስኪጥል አያርፍም። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፤ ሁለቱም 18 ይሆናሉ። የተገኘው ጨው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከዳሎል ምድር ሥር በብዛት የተኛው፣ ፖታሽ የሚባለው ማዕድን ዋነኛ ክፍል። አንድ ቁራጭ ብታነሡ በውስጡ ያሉት አቶሞች ሁሉ የአርጎንን የኤሌክትሮን ድርድር የለበሱ ናቸው። ግን አንድም አርጎን አልሆኑም። በመካከላቸው ያለችው ጤፍ 17 እና 19 ፕሮቶን እንደያዘች ናት፤ ልብስ በመለዋወጥ ማንነት አይለወጥም።

ይህን በቁጥር ያረጋገጠው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት ነው። በ1913 እና በ1914 ንጥረ ነገሮችን በኤሌክትሮን እየደበደበ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። የኤክስሬዩ ድግግሞሽ ካሬ ዘር ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሚቀጥለው እኩል እኩል ደረጃ ይወጣል። ደረጃውን የሚቆጣጠረው ክብደት አይደለም፤ የኒውክለሱ ቻርጅ ነው። ክሎሪን 17ኛው ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ፖታሲየም 19ኛው ላይ። በመካከል አንድ ደረጃ ብቻ ክፍት ሆነ፤ የአርጎን። ከእንግዲህ «ቁጥር» የወረፋ ቁጥር መሆኑ ቀረና በኒውክለስ ውስጥ ያለ የሚቆጠር ነገር ሆነ። እስከ ወርቅ፣ እስከ 79ኛው ድረስ ሄዶም ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች 43፣ 61 እና 75 ቁጥሮች ላይ እንደጎደሉ አሳየ። ሦስቱም በኋላ ተገኝተው ቦታቸውን ሞሉ። ሞዝሊ ግን አላያቸውም። ነሐሴ 10 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ ተገደለ፤ 27 ዓመቱ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያዝናል ልቤ።

እስካሁን የተመለሰው ግን የጥያቄው ግማሽ ነው። አርጎን ለምን እንደቀደመ አውቀናል፤ ከፖታሲየም አንድ ፕሮቶን ያንሰዋል። ለምን ከበደ? ፕሮቶኑ ያነሰው ጎረቤት ኒውትሮን ለምን በዛለት?

በምድር ላይ ያለው አርጎን 99.6 በመቶው አርጎን 40 የሚባለው ነው፤ 18 ፕሮቶን፣ 22 ኒውትሮን። በፀሐይ ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም፤ እዚያ በአብዛኛው አርጎን 36 ነው። ይህን ሠንጠረዥ በፀሐይ ውስጥ ባለው አርጎን ልክ ብንጽፈው ኖሮ አርጎን ከፖታሲየም ቀልሎ በተገኘ፣ ተማሪዬም ባልጠየቀች ነበር። የምድርን አርጎን ያከበደው የራሱ ጎረቤት ፖታሲየም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ ፖታሲየም 40 ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ ነው፣ ማለትም ኒውክለሱ በራሱ ጊዜ ይለወጣል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚለወጡት ከመቶው 89ኙ ገደማ አንድ ኒውትሮናቸው ፕሮቶን ይሆንና ወደ 20ኛው ቤት፣ ወደ ካልሲየም ይሄዳሉ። የቀሩት 11 ገደማ አንዲት ኤሌክትሮን ወደ ኒውክለሳቸው ስበው ይውጣሉ፤ አንድ ፕሮቶን ኒውትሮን ይሆናል፤ 19 የነበረው 18 ይሆናል። ክብደቱ 40 እንደሆነ ይቀራል፤ ቤቱ ግን የአርጎን ነው። ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ በዓለቶች ውስጥ ያለው ፖታሲየም እንዲህ አርጎን ሲወልድ፣ እሳተ ገሞራ ወደ አየር ሲተፋው ኖሯል። እኛ በየትንፋሻችን የምንስበው አርጎን ማለት ይቻላል ሁሉም የፖታሲየም ልጅ ነው። ልጁ በጎረቤት ቤት ተቀምጦ ከአባቱ አማካይ ክብደት በለጠ። ልጄ፣ ከባዱ የቀደመው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ይበቃ ነበር፤ ግን ስለ አፋር አንድ ነገር ሳልናገር መውረድ አልችልም። በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ስትገኝ «ስንት ዓመቷ ነው?» የሚለውን አጥንቷ አልመለሰም። የመለሰው በአካባቢው ተደራርቦ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ዓለት ቀልጦ ሳለ በውስጡ ያለው አርጎን ያመልጣል፤ ከማንም ጋር ስለማይያያዝ የሚይዘው የለም። ቀዝቅዞ ክሪስታል ሲሆን በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከፖታሲየም 40 የሚወለድ እያንዳንዱ አርጎን እዚያው ታስሮ ይቀራል። ሳይንቲስቶች በአመዱ ውስጥ ያለውን ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች በሌዘር አቅልጠው የወጣውን አርጎን ለኩ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ስሌቱን ከተማሪዎቼ ጋር ሰሌዳ ላይ ሠርቼዋለሁ፦ በዚያ ሁሉ ዘመን ከ10,000 የፖታሲየም 40 አቶሞች የተለወጡት 18 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አርጎን የሆኑት ሁለት ገደማ። እነዚያን ሁለቱን በመቁጠር ነው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ያለችውን የአያታችንን ዕድሜ የምናውቀው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የማላውቀው ከመጣ አጥንቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሠንጠረዡ እዚያ በስተግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሃይድሮጅን እስከ ዩራኒየም ድረስ ከባዱ የቀደመባቸው ጥንዶች አራት ናቸው። አርጎንና ፖታሲየምን፣ ቴሉሪየምና አዮዲንን አይተናል። ሁለቱ ቀርተዋል። ተማሪዎች፣ ቅረቡና ፈልጓቸው።